ከዜሮ በታች አራት

ጋሽ ሽፈራው መሞቱን ያወቅሁት ከሥራ በመቅረቱ ነው። የሚሠራበት ሱፐርማርኬት ማናጀር ደውሎ «ሽፈራው ዛሬ አልመጣም፣ ስልኩንም አያነሳም፤ ፎርሙ ላይ ለአደጋ ጊዜ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው» ሲለኝ ወዲያው መኪናዬን አስነሳሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያስፈቅድ የቀረበት አንድ ቀን የለም። እዚህ ዳላስ ዳር፣ ቤድፎርድ ያለው አፓርትመንቱ ስደርስ አምቡላንሱ ቀድሞኛል። ልቡ ነው አሉ፤ በእንቅልፉ ነው የሄደው። ሜስኪት ለሚኖረው አባቴ ደውዬ ስነግረው «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው። ስለ ጋሽ ሽፈራው አውርቶ የማይጠግብ የነበረው አባቴ «እሺ» አለ! ለምን እንደዚያ እንዳለ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቁልኝ።

ጋሽ ሽፈራው የሱፐርማርኬቱ ዓሣ ቆራጭ ነበር። ነጭ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጓንቱን እስከ ክርኑ ስቦ ከበረዶው ጀርባ ይቆማል። አጭር ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ጥያቄው ግን ማለቂያ የለውም። አንድ ጊዜ ግሬፕቫይን አንድ ሆቴል ሠርግ ተጠርተን «ሰብልዬ፣ የዚህ ኤስካሌተር እጀታ ከደረጃው የሚፈጥነው ለምንድን ነው?» ብሎ በተረከዝ ጫማ አራት ጊዜ አመላለሰኝ። እኔ ተራግሜ ነበር የወጣሁት፤ ግን እውነትም ይፈጥናል። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሌላ ደግሞ አንድ አመል ነበረው። ያየውን ነገር ሌላ ሰው ካላየለት አያምንም። ዓሣውን ይመዝንና ሚዛኑን ወደ ደንበኛው አዙሮ «ምን ታያለህ?» ይላል። ደንበኛው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ካላነበበለት የዋጋውን ወረቀት አይለጥፍም። ጥድፊያ ላይ ያለው ሁሉ ይነጫነጫል፣ ሌሎቹ ደግሞ ይህንኑ ወደውለት ሌላ ቆራጭ አንፈልግም ይላሉ። መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ «አረንጓዴ ነው አይደል? አንቺስ ምን ታያለሽ?» ሲለኝ «ጋሽ ሽፌ፣ የምነዳው እኮ እኔ ነኝ!» ብዬ እጮኽበት ነበር። ዓይኑን አሞት እንደሆነ ብዬ ሐኪም ዘንድ ወስጄው አውቃለሁ። ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ከሱ ይልቅ መነጽር የሚያስፈልገኝ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

አመሉ ከየት እንደመጣ ግን አገር ያውቀዋል፣ ምክንያቱም አባቴ በየሠርጉና በየክርስትናው ያወራዋል። አባቴ ኢንጂነር ካሣ በወጣትነቱ አዋሽ ላይ የወንዝ ልኬት ክፍል አለቃ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ ወንዝ ዳር ጎጆ ተሰጥቶት ውሃ የሚለካ ልጅ። ሥራው ቀላል ነው፦ ውሃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ተተክሏል፤ ጠዋትና ማታ ወርዶ ውሃው የቱ ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። በድርቁ ዓመት ውሃው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ዘንጉ ላይ ካለው ዜሮም በታች ሆነ። ልጁ ማስመሪያ ይዞ ወርዶ ለካና «ከዜሮ በታች አራት» ብሎ ጻፈ። ማይነስ አራት።

«መዝገቡን ሳየው» ይላል አባቴ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ሹካውን አስቀምጦ፣ «ሳቄ መጣ! ‹አንተ ልጅ፣ ውሃ አልቆ ዕዳ ውስጥ ገባ ልትለኝ ነው?› አልኩት። ሰረዝኩና አራት ብዬ ጻፍኩበት። እሱንም በዚያው አሰናበትኩት። ዜሮ ማለት ዜሮ ነው፤ ከዜሮ በታች የሚያነብ ሰው ወይ ጠጥቷል ወይ ዓይኑ ታሟል።»

ሰው ይስቃል። ጋሽ ሽፈራውም ከሰው እኩል ይስቃል። ከሥራ ሲባረር ጎጆዋም ሄደች፤ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ስንት ዓመት ተንከራትቶ ዳላስ ገባ፤ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ዝቅ ብሎ «እንደምን አሉ ኢንጂነር» አለው። አባቴ እዚያው ቆመን ታሪኩን ለእኔ አወራልኝ፤ በሳምንቱ «ጋሽ ማይነስ» የሚለው ስም ከአፍ አፍ ዞረ። እዚህ የተወለዱ ልጆች እናት አባቱ ያወጡለት ስም እየመሰላቸው «ሃይ ጋሽ ማይነስ» ይሉታል። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ብቻ፣ ከሥራ ስመልሰው፣ ሳይስቅ ነገረኝ። «ሰብልዬ፣ አርባ ዓመት ሳስበው ኖርኩ። ማስመሪያውን ገልብጬ ይዤው ይሆን? ፀሐዩ ዓይኔን አጭበርብሮኝ ይሆን? ሰው ያየውን ካላመነ በምን ይኖራል?» ከዚያ «ልክ ነበርክ ወይ ተሳስተሃል ብሎ የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ፣ የቱም ይሁን ግድ የለኝም» አለ። ጎግል አድርገው ልለው እችል ነበር። ግን እሱ «ኢንጂነር ናቸው ያሉት» ይላል፣ እኔም የኢንጂነር ልጅ ነኝና ነገሩን ፈትሼ አላውቅም። አባቴ ካለ አለ ነው።

እንግዲህ ወደ ዓሣው ልምጣ። ጋሽ ሽፈራው በቀን ስንት ሳልመን የሚሉትን ዓሣ እንደሚቆርጥ እሱ ያውቃል፤ ስሙን ግን «ሰሎሞን» ነው የሚለው። «ዛሬ ሰሎሞን ትኩስ ነው የገባው» ይለኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን አዲስ የተቀጠረ ሐበሻ እየመሰለኝ ደኅና ነው ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ሳልመኑ ወደ መደብሩ የሚመጣው ጭንቅላቱ ተቆርጦ ነው። ይሄ ነገር ጋሽ ሽፈራውን እንቅልፍ ነሳው። «አሥራ ሦስት ዓመት ስቆርጠው አንድ ቀን ፊቱን አላየሁትም። ከባሕር ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል አሉኝ። ሽቅብ! ማን አስገድዶት? ወደ ታች እየፈሰሰለት?» ይላል። እኔ የማውቀውን ያህል፣ ወደተፈለፈለበት ቦታ ሄዶ ሊወልድ ነው አልኩት። «ቦታውን በምን ለየው?» አለ። እኔ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ደም ነው የምመረምረው፣ የዓሣ አድራሻ ከየት ላምጣ?

ባለፈው መስከረም የዓመት ፈቃዴ ሊቃጠል ሲል ምን እንደነካኝ እንጃ «ጋሽ ሽፌ፣ ሄደን እንየው» አልኩት። ደስታው አንጀቴን በላው። አባቴ ሲሰማ ደግሞ «እኔስ? ከኔ በላይ ወንዝ የሚያውቅ አለ?» ብሎ አኮረፈ። ሶ፣ ሦስታችን ሆነን በጥቅምት መጀመሪያ ሲያትል በረርን፤ መኪና ተከራይቼ ሦስት ሰዓት ነድቼ ወንዙ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ገባን። የማጥመጃ ፈቃድ አውጥተናል፣ ጀልባ ያለው አስጠማጅ ቀጥረናል። አባቴ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ገዝቶ ፎቶ እየተነሳ ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነን አስጠማጁ ደወለ። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ወንዙ በጣም ወርዷል፣ ዓሣዎቹ ሽቅብ መውጣት አቅቷቸው ታች ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ተከማችተው ቀርተዋል፤ ስለዚህ መንግሥት ከዛሬ ጀምሮ ማጥመድ ከልክሏል አለኝ። አባቴ ጠረጴዛውን መታ። «ከዳላስ ድረስ መጥቼ! ምን ዓይነት አገር ነው፣ በአንድ ሌሊት ወንዝ የሚዘጋ?» ጋሽ ሽፈራው እንቁላሉን ጨርሶ አፉን ጠረገ። «ማጥመድ ነው የከለከሉት ኢንጂነር፤ ማየት አልከለከሉም» አለ።

ወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ሥር መኪናዋን ፓርክ አድርጌ በእግራችን ወረድን። ወንዝ ሲሉኝ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን በአብዛኛው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ላይ አረንጓዴው ደርቆ ተለጥፏል፣ ውሃው በመሀል ቀጥኖ ይሄዳል። ከድልድዩ ምሰሶ አጠገብ ግን ጥልቅ ኩሬ አለ። ጋሽ ሽፈራው ዳሩ ላይ ተንበርክኮ ቁልቁል አየና ጮኸ፦ «ጭንቅላት አላቸው!»

ሃያ ይሆናሉ፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ እያንዳንዳቸው እንደ ክንድ የረዘሙ፣ ጀርባቸው የጠቆረ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወንዙ ሽቅብ አዙረው ባሉበት ይዋኛሉ። አይሄዱም፣ አይመለሱም። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጋሽ ሽፈራው ሆዱ ላይ ተኝቶ ሊያያቸው ሞከረ። «ምን እየጠበቁ ነው?» አለኝ። «ዝናብ ነዋ፤ ውሃው እስኪሞላ» አልኩት። «ዝናብ እንደሚመጣ ማን ነገራቸው?» አለ። እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ ማየት ጀመርኩ፤ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም።

አንዲት ወጣት ፈረንጅ እስከ ደረቷ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሳ፣ ደብተር ይዛ በውሃው ውስጥ እየተራመደች ወደ ምሰሶው መጣች። ምሰሶው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጋሽ ሽፈራው ሰሌዳውን ያኔ ነው ያየው። ዓሣውን ትቶ ተነሳ። ውሃው ከሰሌዳው ታች፣ ከዜሮው ታች ነበር።

ልጅቷ የሜትር ጥቅሏን አውጥታ ከዜሮው ቁልቁል እስከ ውሃው ለካች። ጋሽ ሽፈራው በጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። «ጋሽ ሽፌ፣ ኧረ ትታመማለህ!» ብልም አልሰማኝም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «እኔም ይሄን ሥራ እሠራ ነበር፤ አፍሪካ፤ አዋሽ ወንዝ» አላት። ልጅቷ ፊቷ በራ። ሥራዋን የሚያውቅ ሰው አግኝታ የምታውቅ አይመስለኝም። «እንግዲያው አንተ አንብበው፣ እኔ አልነግርህም» ብላ ሜትሩን ሰጠችው።

ዝቅ ብሎ ለካ። እንደ ልማዱ ወደኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ታያለሽ?» ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። «ከዜሮ በታች፣ ሁለት መስመር» አላት። ልጅቷ ደብተሯን አዙራ አሳየችው። ከቁጥሩ ፊት አንዲት አጭር ሰረዝ። ማይነስ።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?» አላት። «ታዲያ እንዴት ሊጻፍ ነው?» አለች እየሳቀች። «ዜሮው እኮ ሰሌዳውን የሰቀለው ሰው የመረጠው ቦታ ነው። የወንዙ ወለል አይደለም። ወንዙ ከዚያ በታች መሄድ ይችላል።» ጋሽ ሽፈራው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጫማው ውሃ እንደሞላ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየ። «ልክ ነበርኩ» አለ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዓይኔ ደኅና ነበር።»

እኔ ደስታ አቅበጠበጠኝ። አባቴ ከኋላችን ዳር ላይ ቆሟል። «አባዬ! ሰማህ? ተሳስተህ ነበር እኮ! ዛሬ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ!» አልኩት እየሳቅሁ። አባቴ ዓሣዎቹን እንጂ እኔን አላየኝም።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «አውቅ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያለ ነገረን። ሃይድሮሎጂ የተማረ ሰው ይሄን በመጀመሪያው ዓመት ያውቀዋል። ግን በዚያን ሰሞን ከወንዙ ታች ያሉት ገበሬዎች እንዲዘሩ ትእዛዝ ከላይ ወርዷል፤ ውሃ የለም የሚል ወረቀት ይዞ የሚገባ ኢንጂነር ወጥቶ አይመለስም። «አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር» አለኝ። «ማይነሷን ሰርዤ አራት አደረግኋት። ማይነሷን ያየው ልጅ እዚያ መቆየት አይችልም ነበር። ከዚያ ደግሞ… ቀልድ ሳደርገው ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ያለፈ መሰለኝ።»

ደሜ ፈላ። የስንቱ ሠርግ ሳቅ፣ የራሴም ሳቅ ትዝ አለኝ። ጋሽ ሽፈራው ግን አልተቆጣም። ከድንጋዩ ሳይነሳ አባቴን ቀና ብሎ አየው። «ያውቁ ነበር?» አለ። «አውቅ ነበር።» ጋሽ ሽፈራው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ጠየቀ፦

«አራት ብለህ ስትጽፍ፣ ያን ውሃ የሚጠብቁት ሰዎች ምን ሆኑ?»

«ስትጽፍ» አለው። አርባ ዓመት፣ ከተባረረ በኋላም፣ እዚህ ከመጣም በኋላ፣ አባቴን ከእርስዎ በታች ጠርቶት አያውቅም። አባቴ በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ።

«አላውቅም» አለ።

«አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅሁም።»

«አርባ ዓመት?»

የንዴት ድምፅ ቢሆን ይሻለን ነበር። በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነበር፤ የተማረ ሰው እንዴት ይህን ሳይጠይቅ እንደኖረ ግራ የገባው ሰው ድምፅ። አባቴ ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ። እስከ ዳላስ ድረስ ሦስታችንም ከምግብና ከሻንጣ በቀር ያወራነው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሽፈራው ሚዛኑን ወደ ደንበኛ ማዞር ተወ። ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይለጥፋል። ለአባቴ ሰላምታ አልነፈገውም፤ እሑድ እሑድ «እንደምን አደርክ» ይለዋል፤ አባቴም ያንን ወሬ ዳግመኛ አላነሳም። ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው «ጋሽ ማይነስ» ሲል አባቴ «ስሙ ሽፈራው ነው!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ዞሮ አየው። ጋሽ ሽፈራው ግን ሌላ ሥራ ይዟል። ከሥራ ሲወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገር ቤት ይደውላል። ከአዋሽ ታች ዘመድ ያለውን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እያፈላለገ ቁጥር ይቀበላል። «በድርቁ ዓመት ዘርታችሁ ነበር? ውሃው ደረሰላችሁ?» ይላቸዋል። ስልኩን የሚያነሳለት ግን ጥቂት ነው፤ ካነሱትም አብዛኞቹ ወይ ልጆች ነበሩ ወይ ያኔ እዚያ አልነበሩም። «ምን ያደርግልሃል ጋሽ ሽፌ?» ብዬ ስጠይቀው «ምንም። ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። የዳላስ ብርድ ሳያልፍ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጠዋት አፓርትመንቱን ልናስረክብ እኔና አባቴ እቃውን እንሰበስብ ጀመር። ብዙ እቃ አልነበረም። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ካርቶን ውስጥ ያስገባል፤ እኔ ኩሽናውን እያጸዳሁ ነው። ከሆስፒታል በፌስታል የሰጡኝ የጋሽ ሽፈራው ስልክ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«አቶ ሽፈራው?» አለች የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ። ማረፉን ነገርኳት። «ነፍስ ይማር። መልኩን አላውቀው፣ ግን ደግ ሰው ነበር። የእኛን ነገር እስካሁን የጠየቀን እሱ ብቻ ነው።» ልጁ ነሽ ወይ አለችኝ፤ ልጁ እንደሆንኩ ይቆጠር አልኩ። «በቆሎው በቅሎ ነበር» አለች። «ይሄን ያህል ደርሶ ነበር። ውሃ አለ ስለተባለ ነው የዘራነው፤ የነበረንን እህል በሙሉ አፈር ውስጥ ከተትነው። ውሃው ግን አልመጣም። ባለፈው ሲደውልልኝ አቶ ሽፈራውን ‹ውሃ አለ ያለው ማን ነው?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹አውቀዋለሁ፤ ግን ራሱ ሲነግርሽ ነው የሚሻለው› አለኝ። እባክሽ፣ ታውቂው እንደሆነ…»

ድምፁን ስፒከር ላይ አድርጌው ነበር። አባቴ የያዘውን ሸሚዝ ሳያጥፍ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየኛል። ስልኩን ዘረጋሁለት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀበለኝ።

«ውሃ አለ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ካሣ እባላለሁ» አለ። ዘጋችው ብዬ ነበር። ትንፋሿ ሲሰማ አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«ከዚያስ፣ እህቴ?» አለ። «ከዚያ ምን ሆናችሁ?»